ከአንጓው በታች

ፖቶስ የሚባለውን የቤት ተክል ሐረግ በሁለት ጣት ይዛችሁ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያላችሁ ብትወርዱ፣ ቅጠል ከአገዳው በሚነሣበት ቦታ ሁሉ ጣታችሁ ትንሽ እብጠት ላይ ያርፋል። አንጓው ነው። ቀረብ ብሎ ላየው በአንጓው ጎን ቡናማና ደረቅ የሆነ ጉብታ አለ፤ አፈር ወይም ውኃ እስኪነካው የሚጠብቅ ሥር ነው። በቅጠሉ ብብት ውስጥ ደግሞ ያልነቃ እምቡጥ ተሸጉጧል። ቅጠሉ፣ ሥሩና የነገው ቀንበጥ ከአንድ ጥፍር ስፋት ባልበለጠ ቦታ ላይ ተሰድረዋል። በሁለት አንጓዎች መካከል ያለው ልሙጥ አገዳ ግን ከዚህ አንዱም የለውም። ስለዚህ ያለ አንጓ የተቆረጠ ቅጠል ውኃ ውስጥ አረንጓዴ እንደሆነ ሊከርም ይችላል፤ ተክል ግን አይወጣውም።

ይህን የሚያውቅ እጅ ሲሠራ ማየት ደስ ያሰኛል። በአዲስ አበባ ከገርጂ እስከ ጉርድ ሾላ፣ ከሲኤምሲ እስከ አያት ባሉት መንገዶች ዳር ችግኝ እያፈሉ የሚሸጡ ሰዎች አሉ። አብዛኞቻችን በመኪና እናልፋቸዋለን፤ የምናየውም ጥቁር የችግኝ ፕላስቲክና በቀለም ጣሳ የተተከለ አረንጓዴ ነገር ብቻ ነው። ወርዶ ለሚቆም ሰው ግን እዚያ ጥንቃቄ የተሞላበት የእጅ ሙያ አለ።

ሲኤምሲ አካባቢ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ከሼድ ኔት ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሲቆርጡ ቆሜ አይቻለሁ። ምላጩን በአልኮል ጠረጉ። ሐረጉን በግራ እጃቸው አንሥተው ወደ ብርሃን አዞሩት። ከአንጓው ግማሽ ጣት ያህል ዝቅ ብለው፣ ሰያፍ አድርገው፣ በአንድ ምት ቆረጡ። ደጋግሞ መገዝገዝ የለም፤ የተጨፈለቀ አገዳ መበስበሱ አይቀርምና። ቁራጩንም ወዲያው አልተከሉትም፤ የተቆረጠው አፍ ጠገግ እስኪል ጋዜጣ ላይ አስተኝተው ወደ ሌላው ዞሩ። ከአጠገባቸው የተቆረጡ ሀይላንዶች ውኃ ይዘው ተደርድረዋል። ፕላስቲኩ ጥርት ያለ ስለሆነ ሥሩ ሲወጣ ከውጭ ይታያል። ነጭና ጠንካራ ሥር ያለው ቁራጭ ወደ አፈር ይሻገራል፤ ቡናማና ልፍስፍስ የሆነው ይጣላል።

አንዲት ወጣት መጥታ፣ «እማማ፣ ያ ረጅሙ ስንት ነው?» አለቻቸው።

«ረጅሙን ተዪው ልጄ። ጨለማ ቤት ቆይቶ የተሳበ ነው። ይቺን አጭሯን ውሰጂ፤ እሷ ሞልታለች።»

ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ሳያቸው የሴትየዋ ፍርድ ልክ እንደሆነ ገባኝ። የረጅሙ አንጓዎች ተራርቀዋል፤ ቅጠሎቹ አነስተኛ ናቸው፤ ወርቃማው ዥጉርጉርም ደብዝዞ ሁሉም ወደ አንድ አረንጓዴ ሄዷል። ተክሉ ብርሃን ፍለጋ ሮጧል ማለት ነው። የአጭሩ አንጓዎች ተቀራርበዋል፤ አናቱ ላይ አፈሩ አይታይም። ለመትከያ ስምንት አሥር ቁራጭ በዙሪያው ሰክተው፣ መካከሉን ሦስት ጨምረው፣ የረዘመውን ሐረግ ወደ አፈሩ መልሰው በታጠፈ ሽቦ አስይዘውታል። ሽቦው የያዘው አንጓ ሁሉ ሥር ይሰዳል፣ ከዚያም አዲስ ቀንበጥ ያወጣል። በደንብ የተሠራ ተንጠልጣይ ተክል በእርዝማኔው ሳይሆን በአናቱ ነው የሚለየው፤ ጥሩ ባለሙያ አናቱን ራሰ በራ አድርጎ አይሸጥላችሁም።

የፖቶስ ነገር ይበልጥ የሚያስገርመው አበባ ማቆሙ ሲታሰብ ነው። የትውልድ ቦታው በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ያለችው ትንሿ የሞኦሪያ ደሴት ናት። የዕፅዋት ጠበብት በ1880 እ.ኤ.አ. መዝግበው ስም ሰጡት፤ ከዚያ ወዲህ ግን አበባውን ማየት ብርቅ ሆነ። ያለ ሰው እርዳታ አበባ ማውጣቱ ለመጨረሻ ጊዜ የተመዘገበው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። ምክንያቱን በ2016 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች አገኙት፦ ለማበብ የሚያስፈልገውን ጂበረሊን የተባለ ሆርሞን የሚሠራው ዘረመል በዚህ ተክል ውስጥ ሥራውን አይሠራም። አበባ ከሌለ ዘር የለም፤ ዘር ከሌለ መራቢያው መቁረጥ ብቻ ነው። ስለዚህ በቦሌ ካፌ ጣሪያ ላይ የተንጠለጠለው፣ በሰሚት ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ የቆመውና በአያት ቤት ሳሎን ውስጥ ያለው ፖቶስ ሁሉ እዚህ የደረሰው አንድ ሰው ከአንጓ በታች በትክክል ስለቆረጠው ነው። እጅ ለእጅ፣ አገር ላገር ሲሻገር ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

መቁረጥ በዚህ አገር ትልቅ ሥራም ነው። በቆቃ አካባቢ ያሉ እርሻዎች ሥር ያላወጡ የአበባ ቁራጮችን በየሣጥኑ አሽገው በቦሌ አየር ማረፊያ ወደ አውሮፓ ይልካሉ፤ እዚያ ሥር አውጥተው፣ በመትከያ ሆነው ይሸጣሉ። በዚያ ሥራ የተሰማሩት እጆች የሚያደርጉት ከሲኤምሲዋ እናት ሥራ በመሠረቱ አይለይም፦ ንጹሕ ስለት፣ ትክክለኛ አንጓ፣ እኩል ርዝመት።

ወደ አፈሩ ልመለስ። የምሥራቅ አዲስ አበባ መሬት በብዛት ጥቁር መረሬ ነው። በክረምት ውኃ ይዞ አይለቅም፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ቤት የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ለመትከያም አይሆንም፤ ሥር አየር ያጣበታል። ጥሩ አፍይ ቀይ አፈር፣ አሸዋና በደንብ የበሰበሰ ፍግ ይቀላቅላል። ከታች ደግሞ ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉትን ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ጣል ያደርግበታል፤ ጠጠሩ ቀዳዳ የበዛበትና ቀላል ስለሆነ ለሚንጠለጠል ነገር ተስማሚ ነው። ቅልቅሉን ጨብጦ መልቀቅ ነው መፈተኛው። እጅ ውስጥ ተጣብቆ ከቀረ ሸክላ በዝቶበታል፤ ተሰባስቦ ቆይቶ በጣት ሲነካ ከፈረሰ ደርሷል። መትከያው ከታች ካልተበሳ የቀረው ጥንቃቄ ሁሉ ከንቱ ነው።

መንጠልጠያውም ሙያ ይጠይቃል። የኮንዶሚኒየም ግንባታ በገርጂ በ1996 ዓ.ም. ገደማ በሙከራ ሲጀመርና ከዚያ ወደ ሰሚት፣ ወደ አያትና ወደ ቦሌ አራብሳ ሲስፋፋ፣ ግቢ የነበረው ሰው በረንዳ ያለው ሰው ሆነ። መሬት ሲጠፋ ተክሉ ወደ ላይ ወጣ። ነገር ግን የእነዚህ ቤቶች ግድግዳ በአብዛኛው ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ነው፤ ውኃ የጠጣ መትከያ ደግሞ ይከብዳል። ብሎኬት ላይ በሚስማር የተሰቀለ ተክል አንድ ቀን መውረዱ አይቀርም፤ ከሥሩ የተኛ ውሻ ቢኖርስ? መንጠቆው ከኮንክሪት ጣሪያው ወይም ከምሰሶው ላይ በፊሸር ይታሰር። ገመዱም ውኃ የማያበሰብሰው ይሁን።

ስለ ብርሃን የውጭ መጻሕፍት የሚሉት እዚህ አይሠራም። ወደ ሰሜን ያለ መስኮት ፀሐይ አያገኝም ይላሉ፤ ለእነሱ እውነት ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስላለች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ አናታችን ላይ ትቆማለች። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ እኩለ ቀን ላይ በሰሜን በኩል ናት፤ ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ሚያዝያ በደቡብ በኩል ትሆናለች። በሰሜኑ ወራት አብዛኛውን ጊዜ ሰማዩ ደመናማ ስለሆነ የሰሜኑ መስኮት ለስላሳ ብርሃን ያገኛል። የደቡቡ መስኮት ግን በበጋ፣ በጠራ ሰማይና በ2,300 ሜትር ከፍታ፣ የፖቶስን ቅጠል ያቃጥለዋል። ከመስኮቱ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ መሳብ ወይም ስስ መጋረጃ መጣል ይበቃዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ በረንዳ ላይ ያለው ሁሉ ወደ ቤት ይግባ።

ውኃን በቀን ቀጠሮ አትስጡ። ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ መስደድ፣ ወይም መትከያውን ከሥሩ ደገፍ አድርጎ ክብደቱን መመዘን ይሻላል። በሐምሌ አየሩ እርጥብ ሆኖ ብርሃኑ ሲቀንስ ተክሉ እምብዛም አይጠጣም፤ በየካቲት ግን ቶሎ ይደርቃል። የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆኖ አፈሩ እርጥብ ከሆነ ውኃ በዝቶበታል። ቅጠሉ ልል ብሎ አፈሩ ከመትከያው ጠርዝ ከተላቀቀ ጠምቶታል። የመንገድ አቧራ ያለበሰውን ቅጠል በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ደግሞ ለውበት ብቻ አይደለም፤ አቧራው ብርሃን ይከለክለዋል።

አሁን ወደ ቅጠሉ ውስጥ እንግባ፤ በዚያም በዓይን የማይታይ ሌላ ሙያ አለ። በፖቶስ ቅጠልና አገዳ ውስጥ ለየት ያሉ ሴሎች አሉ። በእያንዳንዳቸው ውስጥ ካልሲየም ኦክሳሌት ከተባለ ንጥረ ነገር የተሠሩ፣ ሁለት ጫፋቸው የሾለ፣ ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ መርፌዎች በክብሪት ቀፎ ውስጥ እንዳለ እንጨት ጎን ለጎን ታጭቀዋል። በዙሪያቸው የሚያሙለጨልጭ ፈሳሽ አለ። ጥርስ ሴሉን ሲሰብረው ፈሳሹ ውኃ ስቦ ያብጣል፤ መርፌዎቹም በሴሉ ጫፍ ተፈትልከው ምላስ፣ ድድና ጉሮሮ ላይ ይሰካሉ። እግር የሌለው ተክል ራሱን ከሚበላው ፍጥረት የሚከላከልበት መንገድ ይኼ ነው፤ ሥሪቱ ያስደንቃል፣ ጉዳቱም እውነት ነው። ጥሬ ጎደሬ የላጠ እጅ ወይም ሳይበስል የቀመሰ ጉሮሮ ማሳከኩን ያውቀዋል። ጎደሬና ፖቶስ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው፤ በየሆቴሉ መግቢያ የሚታዩት ዲፈንባኪያ፣ ፊሎደንድሮንና ሞንስቴራም እንዲሁ።

ድመት ወይም ውሻ ፖቶስ ካኘከ ወዲያው ያስታውቃል። ለሃጩ ይዝረከረካል፤ አፉን በእጁ ይፍቃል፤ ምግብ እንቢ ይላል፤ አንዳንዴ ያስመልሰዋል። በአብዛኛው ሕመሙ በራሱ ይበርዳል፤ ጉሮሮ አብጦ ትንፋሽ ካጠረ ግን ጊዜ አይሰጥም። በአፉ የቀረውን ቅጠል ማውጣት፣ አፉን በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ጥቂት ወተት ወይም እርጎ ማቅመስ ጥሩ ነው። በግድ ማስመለስ ክልክል ነው፤ ጉሮሮውን አንድ ጊዜ የወጉት መርፌዎች ሲመለሱ እንደገና ይወጉታልና። ወደ ሐኪም ሲሄዱ የተበላውን ቅጠል ቁራጭ በፌስታል ይዞ መሄድ ነው፤ ለሐኪሙ ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል።

ከፍ አድርጎ መስቀል ብቻውን ድመትን አይከለክልም። ነፋስ የሚያወዛውዘው የሐረግ ጫፍ ለድመት አደን ነው፤ ከሶፋ መደገፊያ፣ ከመደርደሪያ ወይም ከበረንዳ ብረት ላይ ሆና ትዘልበታለች። ስለዚህ ሐረጉ መረማመጃ ከሌለበት ቦታ ይሰቀል፤ ወደ ታች የወረደውም ይከርከም። የተከረከመው በሀይላንድ ሥር ያወጣል፤ አናቱም በዚያው ይሞላል። ወደ ቆሻሻ የሚጣለውን ግን ቡችላ ከሚደርስበት ቅርጫት ውስጥ አትተዉት፤ ጥርሱን የሚቀይር ቡችላ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። ድመት ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ሣር መብላት ተፈጥሮዋ ነው። ለብቅል እንደምናደርገው ገብስ አርሶ ማብቀል፣ ግን ሳያደርቁ አፈር ላይ በትኖ አንድ ስንዝር እስኪሆን መተው በቂ ነው። ለድመቷ የራሷ ማሳ ይሆናታል፤ ከፖቶሱም ዞር ትላለች።

ለድመት ቤት ምርጫዬን ልናገር፦ ስፓይደር ፕላንት የሚባለው፣ ረጃጅም ነጭ መስመር ያለው ቅጠል የሚያወጣው ተክል ነው። ለድመትም ለውሻም መርዝ የለውም፤ አብዝታ ከበላች ሆዷን ቢያውካት ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ክሎሮፊተም ኮሞሰም ነው፤ ስዊድናዊው ቱንበርግ በ1794 እ.ኤ.አ. መዘገበው። ብዙ ሰው ከውጭ የመጣ ፋሽን ይመስለዋል፤ ነገር ግን አፍሪካዊ ነው፤ የተፈጥሮ ክልሉ ከኢትዮጵያ ተነሥቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ ይዘልቃል። እንደ እኔ ፍርድ በሥሪቱም ከፖቶስ አይተናነስም። ከመትከያው ብትነቅሉት ሥሩ ወፍራምና ነጭ ሆኖ ውኃ ያጠራቀመ ነው፤ ሳምንት ብትረሱት የሚታገሣችሁ በዚህ ምክንያት ነው። ከመካከሉ ቀጭን አገዳ ያወጣል፤ አገዳው ላይ ስድስት ቅጠል ያላቸው ትንንሽ ነጭ አበቦች ይፈካሉ፤ ከዚያ በጫፉ ልጆቹ ይወለዳሉ። ልጆቹን ገልብጣችሁ እዩአቸው። ገና በአየር ላይ ተንጠልጥለው ሳለ ከሥራቸው ነጫጭ የሥር ጉጦች ተዘጋጅተዋል፤ አፈር ላይ ማሳረፍና በሽቦ ማስያዝ ብቻ ይበቃል። እናትየዋ ሥር እስኪሰዱ ድረስ ትመግባቸዋለች። የተለመደው ዓይነት ነጩ መስመር በቅጠሉ መካከል ያልፋል፤ ሌላው በጠርዙ ይዞራል። ነጩ ክፍል ብርሃንን ወደ ምግብ የሚለውጠው አረንጓዴ ነገር የለውም፤ ስለዚህ ጨለማ ቦታ አይመቸውም።

የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ሆኖ መድረቁ የዚህ ተክል ዋና ስሞታ ነው። ብዙ ጊዜ በውኃው ውስጥ ከሚገኝ ፍሎራይድና ጨው፣ ከማዳበሪያ ብዛት ወይም ከአየር ድርቀት ይመጣል። ክሎሪንን በባልዲ ማሳደር ያተነዋል፤ ፍሎራይድን ግን አያስወጣውም። ክረምት ላይ ከቆርቆሮ የሚወርደውን ዝናብ፣ የመጀመሪያው አቧራ ከታጠበ በኋላ፣ በበርሜል ማጠራቀም ይሻላል። አየር ያጣራል የሚባለውን በተመለከተ፣ ናሳ በ1989 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት በትንሽ የታሸገ ክፍል ውስጥ የተደረገ ነበር፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ግምገማ እንዳሳየው ሰው በሚኖርበት ቤት መስኮት መክፈት ከየትኛውም መትከያ ይበልጣል። ስፓይደር ፕላንትን ለውበቱ ያዙት፤ ለዚያ ይበቃል።

ሆያ፣ ፔፐሮሚያና ልብ የሚመስል ቅጠል ያለው ሴሮፔጂያ ለእንስሳት ቤት ደህና ናቸው። የዕንቁ ሐረግ የሚመስለው ክብ ቅጠል ያለው ሴኔሲዮ ግን መርዛም ነው። በግቢ የሚተከለው ሳይካስ ለውሻ ከፖቶስ እጅግ የከፋ ነው፤ በተለይ ፍሬው ጉበት ይገድላል። እቅፍ አበባ ውስጥ የሚገባው እውነተኛው ሊሊ ድመት ባለበት ቤት ፈጽሞ አይግባ፦ ቅጠሉ፣ ዱቄቱ፣ የቆመበት ውኃ እንኳ የድመትን ኩላሊት በአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ያጠፋል። ጽጌረዳ ግን እሾኹ ካልሆነ በቀር አይጎዳትም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ጎደሎ አለ። የሲኤምሲዋ እናት ስለ አንጓ፣ ስለ አፈርና ስለ ብርሃን የሚያውቁትን ያህል፣ መትከያቸው ላይ የተክሉ ስም የለም። ገዥው «ይቺ አረንጓዴዋ» ብሎ ይዞ ይሄዳል፤ ድመቱ ታምማ ሐኪም ሲጠይቀው መልስ የለውም። ችግኝ አፍዮች ሆይ፣ ቆርጣችሁ፣ ሥር አስወጥታችሁ፣ አናቱን ሞልታችሁ ላደረሳችሁት ሥራ ስሙን በማርከር ጻፉበት፤ ከሥሩም «ድመትና ውሻ እንዳይቀምሰው» ወይም «ለእንስሳት ደህና ነው» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ። እናንተ ገዥዎችም ስሙን ሳትጠይቁ ብር አትክፈሉ።